የአንዱን ካሜራ ሌንስ ለሌላው ካሜራ ስለ ማስማማት
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ስሙን ብቻ ሲሰሙት የፎቶግራፍ አንሺዎች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን የመንግሥት ንብረት በእጁ ያለበት፣ የግዥ ማዘዣ የሚፈርም ወይም በመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ቤት ያለውን የሚቈጥርና የሚመዘግብ ሠራተኛ ሁሉ ቢያውቀው ይጠቀምበታል። ይኸውም፣ ለአንድ ዓይነት ካሜራ የተሠራውን ሌንስ ከሌላ ዓይነት ካሜራ ጋራ አስማምቶ መሥራት ይቻላልን? የሚቻል ከሆነስ በምን ሕግ? የሚለው ጥያቄ ነው።

ምሳሌውን ከሩቅ አገር ከማምጣት ይልቅ በራሳችን ጠረፍ ላይ ብንመለከተው ይሻላል። ገለጉ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የምትገኝ የቋራ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው፤ የዕጣን ዛፍና ሽመልም ይበቅልበታል። በዚሁ ወረዳ ውስጥ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ስፋቱ 2666 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሱዳን በኩል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ከተቋቋመው ከዲንደር ፓርክ ጋራ ይዋሰናል።

በዚህ በረሓ አንበሳ መኖሩን የአገሩ ሰው ሲናገር ኖሯል። ይሁን እንጂ ቃል ብቻውን ወደ ዓለም የአራዊት ሊቃውንት መዝገብ አልገባም። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዱር አራዊት ጥበቃ ምርምር ክፍል ባልደረባ በዶክተር ሐንስ ባወር የተመራ ጓድ፣ ቦርን ፍሪ በተባለው የአራዊት ጥበቃ ድርጅት እየተረዳ ወደ አላጥሽ ገባ። ከዛፍ ግንድ ጋራ ታስሮ አውሬ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሣ ካሜራም የአንበሳ ሥዕል አስገኘ፤ ዱካም ታየ። ወሬው በዚያው ዓመት በጥር ወር ለዓለም ተሰማ። ሊቃውንቱም በአላጥሽና በዲንደር በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 የሚደርሱ አንበሶች ሳይኖሩ አይቀሩም ብለው ገመቱ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። ለብዙ ዘመን በቃል ሲነገር ሰሚ ያጣው ነገር በአንድ ሥዕል ታመነ። እንግዲህ ስለ ራሱ ወረዳ ሥዕል ማንሣት የሚችል መሥሪያ ቤት፣ የሚጽፈው ሪፖርት የሚታመንበትን ማስረጃ በእጁ ይዟል ማለት ነው። ከዛፍ ላይ የሚታሰረው ካሜራ ደግሞ ዓይነተኛ መሣሪያ ቢሆንም፣ ከፊቱ የሚያልፈውን ብቻ ያያል፤ ሌንሱም አይፈታም። ከወንዙ ማዶ የቆመውን አውሬ፣ ከዛፍ ጫፍ ያረፈችውን ወፍ፣ በሩቅ የሚታየውን የሰደድ እሳት ወይም በሰሊጥ ቅጠል ላይ የተጣበቀችውን ጥቃቅን ነፍሳት ለማንሣት ካሜራ የያዘ ሰው ያስፈልጋል፤ ለየሥራውም የሚስማማ ሌንስ ያሻዋል።

ረጅም ሌንስ በአዲስነቱ ሲገዛ ዋጋው ከካሜራው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በአንጻሩ በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሄደው ተመልሰዋል። ስለዚህ ዜኒት ወይም ፕራክቲካ የተባለ ካሜራ ከነሌንሱ በቤቱ ሣጥን ወይም በመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ቤት ያለው ሰው ይኖራል። ካሜራው ፊልም በማጣት ሥራ ቢፈታም ሌንሱ ግን አልሞተም። አያገለግልም ተብሎ ሲጣልና በምትኩ ሌላ ሲገዛ፣ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ነገር ይደርስብናል።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ።

ሌንስ የካሜራ ዓይን ነው። ከሩቅ የሚመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ከኋላው በተወሰነ ርቀት ላይ ጥርት ያለ ሥዕል ይሠራል። ፊልሙ፣ በዛሬው ካሜራ ደግሞ ሴንሰር የተባለው ብርሃን ተቀባይ፣ በዚያው ርቀት ላይ መቀመጥ አለበት። ቢቀርብም ቢርቅም ሥዕሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ የካሜራ ፋብሪካ ሌንሱ ከሚገጠምበት ከካሜራው ከንፈር እስከ ፊልሙ ድረስ አንድ የማይለወጥ ርቀት ወስኖ ሌንሶቹን በዚያው ልክ ይሠራል። የማስማማት ነገር ሁሉ የሚቆመው በዚህ ልክ ላይ ነው።

እስቲ ቍጥሩን እንስማ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1949 በድሬስደን ከተማ በተሠራው ኮንታክስ ኤስ በተባለ ካሜራ የወጣና ኋላም ፕራክቲካ፣ ፔንታክስና ዜኒት የተጠቀሙበት፣ ወርዱ 42 ሚሊሜትር የሆነ በጥርስ የሚጠመጠም መግጠሚያ አለ። የእርሱ ርቀት 45.46 ሚሊሜትር ነው። ከ1959 ጀምሮ የወጣው መስተዋት ያለው ኒኮን ርቀቱ 46.5፣ ከ1987 ጀምሮ የወጣው ካኖን ኢኦኤስ 44፣ በ2010 የወጣው የሶኒ ኢ መግጠሚያ 18፣ በ2018 የወጡት መስተዋት የሌላቸው አዲሶቹ ካሜራዎች ደግሞ ካኖኑ 20፣ ኒኮኑ 16 ሚሊሜትር ነው።

ከእነዚህ ቍጥሮች አንድ ሕግ ይወጣል። የሌንሱ ርቀት ከካሜራው ርቀት የበለጠ እንደ ሆነ፣ በመካከል የሚቀረውን ክፍተት በማስማሚያ ቀለበት መሙላት ይቻላል። የሌንሱ ርቀት ከካሜራው ያነሰ እንደ ሆነ ግን የሚሞላ ክፍተት የለም፤ ሌንሱን ወደ ካሜራው ሆድ ካላስገቡት በቀር ለሩቅ ነገር አይሆንም። የፕራክቲካን ሌንስ ለካኖን ኢኦኤስ ለማስማማት ከ45.46 ላይ 44 ሲቀነስ 1.46 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ይበቃል። ለሶኒ 27.46፣ ለአዲሱ መስተዋት አልባ ኒኮን 29.46 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። ስሌቱ መቀነስ ብቻ ነው፤ ከሂሳብ ሹም የሚሠወር አይደለም።

ይኸው የፕራክቲካ ሌንስ በመስተዋታሙ ኒኮን ላይ ሲደረግ ምን ይሆናል? ርቀቱ በ1.04 ሚሊሜትር ያንሳል። አንዲት ሚሊሜትር ምን ታደርጋለች የሚል ሰው ይኖራል። ሂሣቡ ግን እንዲህ ይላል። የዜኒት ካሜራ ተራ ሌንስ የሆነው 58 ሚሊሜትር ሄሊዮስ በመጨረሻው የሩቅ ምልክት ላይ ሆኖ ከልኩ 1.04 ሚሊሜትር ወደ ፊት ቢገፋ፣ አጥርቶ የሚያየው 3 ሜትር ከ30 ሴንቲሜትር ያህል ድረስ ብቻ ነው። ቀለበቱም ራሱ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖረው የማጥሪያው ወሰን ወደ 1 ሜትር ከ70 ይወርዳል። 300 ሚሊሜትር የሆነ ረጅም ሌንስ በዚሁ ዓይነት ቢገጠም 44 ሜትር ያህል ድረስ ብቻ ያጠራል፤ በ100 ሜትር ላይ የቆመ አንበሳ ጉም ይሆናል። ይህን ጉድለት የሚያርም መስታወት በውስጡ ያለበት ቀለበት ይሸጣል፤ ነገር ግን ርካሹ ዓይነት የሥዕሉን ጥራት ስለሚቀንስ በመጨረሻ የሚታሰብ መፍትሔ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሶቪየቶቹ ፌድና ዞርኪ የተባሉት ካሜራዎች መግጠሚያቸው ወርዱ 39 ሚሊሜትር የሆነ ጥርስ ነው። የጥንቶቹ ዜኒቶችም መግጠሚያ እንዲሁ 39 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የአንዱ ሌንስ በሌላው ላይ ያለ ምንም ችግር ይጠመጠማል። ዳሩ ግን የፌድ ርቀት 28.8፣ የጥንቱ ዜኒት ርቀት 45.2 ሚሊሜትር ነው። የፌድ ሌንስ በዜኒት ላይ ሲጠመጠም ከአንድ ክንድ በላይ የራቀውን ነገር አያጠራም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ሌንስ ገጠመ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ የልክ ጉዳይ በቀድሞ ዘመን ብዙዎችን የከለከለ ሲሆን ዛሬ መንገዱ የተከፈተው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ መስተዋቱ ነው። በቀድሞው ካሜራ ውስጥ ሥዕሉን ወደ ዓይናችን የሚመልስ መስተዋት ስላለ፣ ለእርሱ መንቀሳቀሻ ስፍራ ሲባል ርቀቱ ረጅም ይሆን ነበር። አዲሶቹ ካሜራዎች መስተዋቱን አስወግደው ሥዕሉን በትንሽ የኤሌክትሪክ መስኮት ስለሚያሳዩ ርቀቱ ወደ 20 ሚሊሜትር ገደማና ከዚያ በታች ወረደ። መስተዋቱ የለቀቀው ስፍራ ለማስማሚያ ቀለበት ተረፈ። ስለዚህ ከ1949 ጀምሮ የተሠራ ብዙ ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ለሩቅም ለቅርብም ይሠራል። ካኖንና ኒኮንም የራሳቸውን የቀድሞ ሌንሶች ወደ አዲሱ ካሜራ የሚያሻግር ቀለበት ሠርተው ይሸጣሉ፤ በእርሱ ውስጥ የኤሌክትሪክ መልእክት ስለሚያልፍ የካኖኑ ሌንስ ራሱን የማጥራት ኃይሉን ይዞ ይሻገራል፤ የኒኮኑም ሞተር በውስጡ ካለው እንዲሁ ነው። የቀድሞ ካሜራውን ለመለወጥ ያሰበ መሥሪያ ቤት ሌንሶቹንም አብሮ ከማስወገዱ በፊት ይህን ማስታወስ አለበት።

አሁን ደግሞ የሚቀረውን ጉድለት በቅን መናገር ይገባል። በመጀመሪያ፣ የጥንቱ ሌንስ በራሱ አያጠራም፤ ሰው በእጁ እያዞረ ያጠራዋል። ስለዚህ ሪባን ሲቈረጥ ወይም እንግዶች ሲጨባበጡ ለማንሣት አይመከርም፤ ለቆመና ለሚታገሥ ነገር ግን ይስማማል። ሁለተኛ፣ የብርሃን መግቢያው በሌንሱ ላይ ባለው ቀለበት ይከፈታል፤ ይዘጋልም፤ ካሜራው ስንት ላይ እንዳለ አያውቅም። ቀለበት የሌላቸውና በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ዘመናይ ሌንሶች ደግሞ መልእክት በማያሻግር ቀለበት ላይ ቢደረጉ መግቢያቸውን ማዘዝ አይቻልም። ሦስተኛ፣ በብዙ ካሜራ ላይ ሌንስ ሳይኖር እንዲያነሣ የሚፈቅደውን ትእዛዝ ከዝርዝሩ ውስጥ ማብራት ያስፈልጋል፤ ይህን ባለማወቅ ካሜራው ተበላሸ ተብሎ ወደ ጥገና የሚላክበት ጊዜ አለ። አራተኛ፣ በመስተዋታም ካሜራ ላይ የአንዳንዱ ጥንታዊ ሌንስ የኋላ ጠርዝ መስተዋቱን ሊመታ ይችላል፤ ሲሞክሩ ቀስ ብሎ መሞከር ነው።

የሴንሰሩም ስፋት ይታሰብ። የቀድሞው ፊልም 36 በ24 ሚሊሜትር ነበር። የብዙዎቹ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ካሜራዎች ሴንሰር ግን ከዚህ በአንድ እጅ ተኩል ያነሰ ስለ ሆነ የሥዕሉን መካከል ብቻ ይወስዳል። በዚህም 300 ሚሊሜትር ሌንስ እንደ 450 ሚሊሜትር አቅርቦ የሚያሳይ ይመስላል። ለአውሬና ለወፍ ይህ ጥቅም ነው፤ በጠባብ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ለሚያነሣ ሰው ግን ጉዳት ነው።

ቀደም ብዬ ሌንሱ ከልኩ ሲርቅ የሩቁ ነገር ይጠፋል ብያለሁ። ይኸው ጉድለት ለሌላ ሥራ መድኃኒት ይሆናል። ሌንሱን አውቀን ብናርቀው የቅርቡ ነገር ይጐላልና ነው። በ58 ሚሊሜትር ሌንስና በካሜራው መካከል ከማስማሚያው ሌላ 29 ሚሊሜትር የሆነ ባዶ ቀለበት ቢጨመር፣ ርዝመቷ 4 ሚሊሜትር የሆነች ነፍሳት በሴንሰሩ ላይ 2 ሚሊሜትር ሆና ትቀረጻለች፤ ሥዕሉ በወረቀት ሲታተም እግሯ ሳይቀር ይቈጠራል። ብርሃኑ ከሁለት እጅ በላይ ስለሚቀንስ በጥሩ ፀሐይ ማንሣት ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ለቋራ አይቸግረውም። የወረዳው የግብርና ባለሙያ በሰሊጥ ማሳ ላይ ያየውን ተባይ እንዲህ አንሥቶ ወደ ምርምር ጣቢያ ቢልክ፣ ነፍሳቷን በመልኳ ለይቶ ለመናገር ከብዙ ገጽ ደብዳቤ ይልቅ ሥዕሉ ይረዳል። ባዶው ቀለበት መስታወት የሌለበት የብረት ቧንቧ ብቻ ስለ ሆነ ዋጋው ትንሽ ነው።

ስለ አገሩ ጠባይም ጥቂት ልናገር። በቆላው በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ በበጋ አቧራው ልብስ ዘልቆ ይገባል። መስተዋት የሌለው ብዙ ካሜራ ሌንሱ ሲፈታ ሴንሰሩ ለአቧራ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሌንስን በሜዳ ላይ መለዋወጥ አይገባም፤ ማስማሚያውን ቀለበት ከሌንሱ ጋራ በቤት ውስጥ ገጥሞ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ ቈጥሮ መያዝ ይሻላል። ካሜራውን በመኪና መስኮት ሥር ለፀሐይ መተው የሌንሱን ቅባት አቅልጦ ወደ ብርሃን መግቢያው ምላሶች ያፈሰዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጠላቱ እርጥበት ነው። በሣጥን ተዘግቶ የከረመ ሌንስ በመስታወቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል። አሮጌ ሌንስ ተረክቦ ከመፈረም በፊት በአንድ ወገን ባትሪ አብርቶ በሌላው ወገን መመልከት፣ የብርሃን ቀለበቱንም አዙሮ ምላሶቹ ደረቅ ሆነው መከፈትና መዘጋታቸውን ማየት የርክክቡ ሥርዐት ይሁን።

ከሥነ ፍጥረት ሕግ ሌላ የመንግሥት ሕግም አለ። ገለጉና መተማ የጠረፍ አገር ናቸው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ብዙ ስደተኛ ገብቷል፤ በእኛም በኩል ያለው አካባቢ ከግጭት ነጻ ሆኖ አልከረመም። ስለዚህ ለሥራ የሚያነሣ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤና የአካባቢውን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይዝ ረጅም ሌንስ አንሥቶ ማነጣጠር የለበትም። ከሶቪየት ዕቃዎች መካከል ፎቶ ስናይፐር የተባለ አለ፤ ታይር የተባለውን 300 ሚሊሜትር ሌንስ ይዞ እንደ ጠመንጃ በሰደፍ ትከሻ ላይ የሚደገፍ ነው። ሌንሱ መልካም ነው፤ ጥርሱም ያው ባለ 42 ሚሊሜትሩ ስለ ሆነ ይስማማል። ሰደፉን ግን በቤት ትቶ ሌንሱን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጎ መሥራት የጥበብ መጀመሪያ ነው። ከማዶ ሆኖ የሚያይ የጥበቃ ሰው ካሜራ ነው ብሎ የሚያስብበት ምክንያት የለውምና።

እንግዲህ የተናገርሁትን ላጠቃልለው። አንድ የመሥሪያ ቤት ሹም የሌንስ ግዥ ጥያቄ ሲቀርብለት አራት ነገር ይጠይቅ። በዕቃ ቤታችን ምን ሌንስ አለ? የሌንሱ ርቀት ስንት ነው፣ የካሜራውስ? ሥራው የቆመ ነገር ማንሣት ነው ወይስ የሚሮጥ? ሌንሱስ ከሻጋታና ከቅባት ንጹሕ ነውን? መልሱ ካማረ አንድ ቀለበት መግዛት ይበቃል። መልሱ ካላማረ ደግሞ አዲሱን ሌንስ ያለ ጸጸት ይግዛ፤ ቍጠባ ማለት ሥራውን የማይሠራ ዕቃ ይዞ መቅረት አይደለምና።

የአላጥሽን አንበሳ ለዓለም ያሳወቀው ከሩቅ የመጣ ካሜራ ነበር፤ ለዚያም ምስጋና ይገባል። ነገር ግን እንግዳ መጥቶ ይሄዳል። በየዓመቱ የሚቈረጠውን የዕጣን ዛፍ፣ የሚነድደውን ሣር፣ የሚያንሰውን ወይም የሚበዛውን አውሬ ዘወትር የሚያየው እዚያው የሚኖረው ሠራተኛ ነው። በእጁ ባለው ዕቃ ዐውቆ ቢጠቀምና ያየውን ከነቀኑና ከነስፍራው በሥዕል ቢያኖረው፣ ከእርሱ በኋላ ወደዚያ ወንበር የሚመጣው ሠራተኛ አገሩ ምን እንደ ነበረና ምን እንደ ሆነ አመሳክሮ ለመፍረድ ይችላል።